አንድ ኤባ ሲመነዘር

[አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ጠረጴዛ የደረደረ ጁስ ቤት። ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ማናሴ የሕንጻ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ በማታው ክፍለ ጊዜ ኢኮኖሚክስ ሁለት ዓመት ተምሮ አቋርጧል፤ ለምን አቋረጥክ ሲባል "መምህሮቹ የሚያስተምሩኝ አለቀባቸው" ይላል። ወዬሳ የማናሴ ሚስት የሶፊ ታላቅ ወንድም ነው፤ ዘርፉ የምትባል ሚስትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። የተሰጠውን ወረቀት ሳይጨምር ሳይቀንስ አባዝቶ መመለስ ሥራው ነው፤ ማናሴ ደግሞ የሰውዬው ጭንቅላትም እንደ ማሽኑ ነው እያለ በየሄደበት ያማዋል። አሁን የተጣሉት በስፕሪስ ነው።]

ማናሴ፦ አታማስለው አልኩህ።

ወዬሳ፦ ካላማሰልኩት እኮ ላዩ ላይ ያለው ፓፓያ ብቻ ነው የሚመጣልኝ።

ማናሴ፦ ስፕሪስ የተባለው በመደብ በመደቡ ስለሆነ ነው። አቮካዶ ከታች፣ ማንጎ መሃል፣ ፓፓያ ከላይ። ከተማሰለ ስፕሪስ አይደለም።

ወዬሳ፦ ሆዴ ውስጥ ሲገባስ ተደርድሮ ነው የሚቀመጠው?

ማናሴ፦ ሆድህ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ የማወራህ ስለ ሥርዓት ነው።

ወዬሳ፦ [ማማሰሉን ሳያቆም] እሺ።

ማናሴ፦ እሺ እያልክ ታማስላለህ።

ወዬሳ፦ እሺ ያልኩህ ለመስማቴ ነው። ይልቅ ይሄ ጁስ በየሳምንቱ ዋጋው የሚጨምረው ለምንድን ነው?

ማናሴ፦ አንተ ለምን ይመስልሃል?

ወዬሳ፦ ባለቤቱ ልጅ ሊድር ይሆናል።

ማናሴ፦ ዶላር ነው።

ወዬሳ፦ [ብርጭቆውን አንስቶ ሥሩን አየ] እዚህ ውስጥ?

ማናሴ፦ ዶላር ሲጨምር ሁሉም ነገር ይጨምራል።

ወዬሳ፦ አቮካዶው ከየት ነው የሚመጣው?

ማናሴ፦ ከሻሸመኔ ወዲያ ነው።

ወዬሳ፦ ሻሸመኔ በዶላር መሸጥ ተጀመረ? ትናንት ከዚያ የመጣ ሰው አግኝቼ ምንም አላለኝም።

ማናሴ፦ አቮካዶው በመኪና ይመጣል፤ መኪናው በነዳጅ ይሄዳል፤ ነዳጁ በዶላር ይገዛል።

ወዬሳ፦ ኤዬ። ታዲያ በጋሪ ቢያስመጡትስ? ፈረስ ዶላር አይበላም።

[ማናሴ ሰማይ ሰማይ አየ። ከዚህ ሰው ጋር በጋብቻ መተሳሰሩ ሁልጊዜ ያሳዝነዋል። ዛሬ ግን የሚፈልገው ነገር አለና ታገሠ።]

ወዬሳን የጠራው ጁስ ሊጋብዘው አይደለም። ማናሴ ሰው ጋብዞ አያውቅም፤ "ሰውን መጋበዝ ገበያውን ያዛባል" ባይ ነው። የጠራው ስለቸገረው ነው። አምና ይሄን ጊዜ ሚስቱንና ልጆቹን ሰብስቦ "በመጪው ክረምት ዱባይ እወስዳችኋለሁ" ብሎ ቃል ገባ። ቃሉ እቤት ቢቀር ምንም አልነበር። በቤት ኅብረቱ ፊት ተነሥቶ "ለጉዟችን ጸልዩልን" አለ። ሶፊ ለመዘምራኑ በሙሉ ተናገረች። ልጆቹም በትምህርት ቤት ሳይበሩ በረሩ። ያኔ ዶላር ግዛ ያሉት ሰዎች ነበሩ። እሱ ግን "ጠብቁ፣ ይወርዳል፤ የምናገረው በሳይንስ ነው" አላቸው። ዶላሩ ሳይንሱን አልሰማም መሰል፣ ወደ ላይ ወጣ። አሁን ክረምቱ ገባ፤ ጸላዮቹም በየእሑዱ "መቼ ነው የምትበሩት?" ይሉታል። ማናሴ አፍሯል። ማፈሩን ግን ለማንም መናገር አይችልም፤ አዋቂ ሰው አያፍርም ብሎ ያስተማረው ራሱ ነው።

ማናሴ፦ ዋናው ነገር ምን መሰለህ፣ ብር ተንሳፈፈ።

ወዬሳ፦ የት?

ማናሴ፦ የት ብሎ ነገር ምንድን ነው? ምንዛሬው ነው የተንሳፈፈው። ድሮ መንግሥት ይዞት ነበር። ለቀቀውና ተንሳፈፈ።

ወዬሳ፦ ጥሩ ነዋ ታዲያ። ሶደሬ ልጆቼን ዋና ሳስለምድ ያስጨነቀኝ መንሳፈፉ ነበር። አንዴ ከተንሳፈፉ በኋላ ሐሳብ የለም።

ማናሴ፦ ብር ሲንሳፈፍ ሰመጠ ማለት ነው።

ወዬሳ፦ [ረዘም ላለ ጊዜ አሰበ] ችግሩ የውሃው ነው የብሩ?

ማናሴ፦ ስማኝ። ዶላር ከሃምሳ ሰባት ብር ተነሥቶ መቶ ሃምሳን አለፈ። በሌላ አነጋገር ብር ረከሰ።

ወዬሳ፦ [ብርጭቆውን አስቀመጠ] ረከሰ?

ማናሴ፦ ረከሰ።

ወዬሳ፦ አሥራት እያወጣንበት እኮ ነው። የረከሰ ነገር ለእግዚአብሔር ይቀርባል እንዴ? ለፓስተሩ መንገር ይኖርብናል።

ማናሴ፦ ዋጋው ነው የረከሰው። ዋጋው ወረደ ማለቴ ነው።

ወዬሳ፦ ዋጋው ከወረደማ መግዛት ነዋ። ሲሚንቶ ሲረክስ መጋዘንህን አይደል የምትሞላው?

ማናሴ፦ ብርን በምን ትገዛዋለህ?

ወዬሳ፦ በብር።

[ማናሴ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት ዓመት የተማረው ትምህርት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ባክኖ የቀረ መሰለው።]

ወዬሳ፦ ለመሆኑ ዱባይ ቀረ?

ማናሴ፦ ማን ነው ቀረ ያለህ?

ወዬሳ፦ ፊትህ።

ማናሴ፦ አልቀረም። ስልቱ ነው የሚለወጠው። በመጀመሪያ አገር ልቀይር ብዬ ነበር። ገንዘቡ ከእኛ የባሰ አገር ከተገኘ የእኛ ብር እዚያ ጉልበት አለው።

ወዬሳ፦ ከእኛ የባሰበት አገር ሄዶ መዝናናት ደስ ይላል?

ማናሴ፦ ደስታውን ተወው፤ ስሌቱን ነው የምነግርህ። ሞምባሳን አሰብኩ። ድሮ አንድ ብር ከሁለት ሽልንግ በላይ ነበር። ዛሬ ያ ሽልንግ እንኳ በልጦን ቁጭ ብሏል።

ወዬሳ፦ አይ ሽልንግ። ምን አድርገነው ነው?

ማናሴ፦ ስለዚህ ወደ ዱባይ ተመለስኩ። ደህና ሆቴል ለአንድ ክፍል በሌሊት መቶ ዶላር ነው። እኛ አምስት ነን፣ ሁለት ክፍል እንይዛለን። በድሮው ምንዛሬ አሥራ አንድ ሺህ ምናምን ነበር፤ በአሁኑ ሠላሳ ሺህ ብር። ለእንቅልፍ ብቻ።

ወዬሳ፦ ባትተኙስ?

ማናሴ፦ ምን?

ወዬሳ፦ እኔ ለምሳሌ አዲስ ቦታ እንቅልፍ አይወስደኝም። እንደ እኔ ላለ ሰው ሠላሳ ሺህ ብር በከንቱ ነው።

ማናሴ፦ [እንዳልሰማ ሆኖ] ሆቴሉን ከስሌቱ እናወጣዋለን። ኤባ ጋ እናርፋለን።

[ኤባ የወዬሳና የሶፊ ታናሽ ወንድም ነው። ዱባይ የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ሆኖ ከሚስቱ ከሀኒና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ማናሴ ኤባን ለዓመታት "ሽንኩርት ከታፊው" እያለ ነበር የሚጠራው። የዱባዩ ገንዘብ ድርሃም ዋጋው ከወጣ ወዲህ "ወንድማችን" ሆኗል።]

ወዬሳ፦ ታዲያ ደውለህ አሳርፈኝ በለዋ።

ማናሴ፦ እኔ እኮ ማናሴ ነኝ።

ወዬሳ፦ ያውቅሃል እኮ።

ማናሴ፦ ጨዋ ሰው በቀጥታ አይለምንም። በዙሪያው ይዞራል። ስለዚህ ቮይስ የምትልክለት አንተ ነህ። ጭንቀታችንን ትነግረዋለህ። እሱ ያዝንና "እኔ ጋ እረፉ" ይላል። አንተ "ኧረ አናስቸግርህም" ትላለህ። እሱ "በሞቴ" ይላል። ያኔ እሺ ትላለህ።

ወዬሳ፦ በሞቴ ካላለስ?

ማናሴ፦ ይላል። "አናስቸግርህም" ተብሎ "በሞቴ" የማይል የእኛ አገር ሰው አልተወለደም።

ወዬሳ፦ አማኝ ነው እኮ። መማል ትቷል።

ማናሴ፦ በሞቴ መሐላ አይደለም፣ ግብዣ ነው።

ወዬሳ፦ [ለራሱ እያጉረመረመ] "አናስቸግርህም" ሲባል "በሞቴ"። ይሄን ያዝኩት። ግን ሌላው ይጠፋብኛል። ማሎ፣ እባክህ፣ አንተ ልክ እንደሚነገረው እየተናገርክ አሳየኝ።

[ወዬሳ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አውራ ጣቱን አሳረፈበት። ማናሴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው እንዲሰማው ሲጠየቅ ልቡ ይሞቃል፤ ሌላውን ሁሉ ይረሳል።]

ማናሴ፦ "ወንድማችን ኤባ፣ ሰላም ለቤትህ ይሁን። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ግን ምን ደህና አለ።" እዚህ ላይ ተንፍስ።

ወዬሳ፦ እሺ።

ማናሴ፦ "አንድ ድርሃም ድሮ አሥራ አምስት ብር ነበር። ዛሬ አርባ ሆኗል። ቤተሰብ ይዞ ባሕር ማዶ መዝናናት ለእኛ የማይታሰብ ሆነ። እናንተማ ታድላችኋል። እናንተ እዚያ ለአንድ እራት በምትከፍሉት፣ እዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሶደሬ ትንፈላሰሱበታላችሁ።" ቅናት እንዳይመስል ትንሽ ሳቅ በል።

ወዬሳ፦ እስቃለሁ።

ማናሴ፦ "እኛ የምንፈልገው መዝናናቱን አልነበረም፤ እናንተን ማየት ነበር። ናፍቆታችሁ ገደለን። አቅም ግን ነሣን።" እዚህ ላይ ዝም በል። ዝምታው ይሥራ።

ወዬሳ፦ [ዝም አለ]

ማናሴ፦ "ብቻ ሲመቻችሁ ብቅ በሉ። ቤታችን ሰፊ ነው። ቤታችሁ ነው።" አለቀ።

ወዬሳ፦ [አውራ ጣቱን አነሣ፤ ስልኩም ጢው አለ] "ቤታችሁ ነው"ን ለምን ጨመርከው? እንሂድ አይደል የምትለው?

ማናሴ፦ ወግ ነዋ። "ቤታችሁ ነው" የተባለ ሰው "የእኔም ቤት ቤታችሁ ነው" ብሎ ይመልሳል። በሩ የሚከፈትልን በዚያ ነው። "ቤታችሁ ነው" ስለተባለ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው እኔ አይቼ አላውቅም።

ወዬሳ፦ ኤባ ከዚህ ከወጣ እኮ ቆየ። ወጉ ጠፍቶበት ቢሆንስ?

ማናሴ፦ ወግ ከሰው አይጠፋም። በል አሁን አንተ ድገመው።

ወዬሳ፦ [ስልኩን አንሥቶ ኪሱ ከተተ] እቤት ሄጄ ዘርፉ ፊት ብለማመደው ይሻላል።

[ወዬሳ ተነሥቶ ሄደ። ማናሴ ግራና ቀኙን አየ። የሚያየው ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ማንኪያውን አነሣና የራሱን ስፕሪስ ድብልቅልቁን አወጣው።]

[ጥቂት ቀናት አለፉ። የማናሴ ሳሎን። ሶፋዎቹ በሙሉ ወደ ግድግዳ ተጠግተዋል፤ መሃሉ ባዶ ነው። ማናሴ ለምን እንደተጠጉ ሚስቱን አልጠየቀም፤ መጠየቅ ልማዱ አይደለም። ቤት ልታጸዳ ይሆናል ብሎ ደምድሟል። መስተዋት ፊት ቆሞ ለዱባይ የገዛውን የፀሐይ መነጽር ሲሞክር ወዬሳ ገባ።]

ወዬሳ፦ አካም፣ ማናሴ። ኤባ መለሰ።

ማናሴ፦ [መነጽሩን ሳያወልቅ] ምን አለ?

ወዬሳ፦ ደስ አለው። እንዲያውም አልቅሷል አለች ሀኒ።

ማናሴ፦ አላልኩህም? ቮይሱን አሳምረህ ብትናገረው ነው።

ወዬሳ፦ እኔ መቼ ተናገርኩ?

ማናሴ፦ ታዲያ ማን ተናገረ?

ወዬሳ፦ አንተ። ያኔ ጁስ ቤት ስትናገር ተቀድቶ ነበር። ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ኦሪጅናሉ እጄ ላይ እያለ ኮፒ አልሰጥም።

ማናሴ፦ የእኔን ድምፅ ላክህለት?

ወዬሳ፦ ጥርት ያለ ነው። "እዚህ ላይ ተንፍስ" ስትለው ተነፈስኩ አለኝ።

[ማናሴ ደነገጠ። ነገር ግን አንገቱን ደፍቶ የሚያውቅ ሰው አይደለምና ወዲያው ራሱን አጽናና።]

ማናሴ፦ ይሁን። ዋናው ፍሬው ነው። "እኔ ጋ እረፉ" አለ?

ወዬሳ፦ እረፍት የሚል ቃል አለበት።

ማናሴ፦ መቼ ይሁን አለ?

ወዬሳ፦ ሐምሌ አጋማሽ። ትኬቱንም ቆርጧል።

ማናሴ፦ ትኬት ጭምር? [መነጽሩን አወለቀ። ሽንኩርት ከታፊ ያለበትን አፉን ጌታ ይቅር እንዲለው በልቡ ለመነ] ለስንታችን?

ወዬሳ፦ ለዘጠኝ።

ማናሴ፦ እኛ እኮ አምስት ነን።

ወዬሳ፦ እናንተ አምስት ናችሁ። እነሱ ዘጠኝ ናቸው።

ማናሴ፦ እነማን?

ወዬሳ፦ የሚመጡት።

ማናሴ፦ የት?

ወዬሳ፦ [ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ አየና] ቤታቸው።

[ማናሴ ባዶውን የሳሎን መሃል አየ። የሶፋዎቹ ወደ ግድግዳ መጠጋት አሁን ገባው።]

ማናሴ፦ ኤባ አንድ ሰው ነው።

ወዬሳ፦ እዚያ አንድ ነው። እዚህ ሲመነዘር ዘጠኝ ይሆናል። እሱ፣ ሀኒ፣ ሦስት ልጆች፣ የሀኒ እናት፣ ደግሞ የሀኒ እኅት ከነባሏ ከነልጇ።

ማናሴ፦ እኔ የነገርኩት እኮ መሄድ እንዳቃተን ነው።

ወዬሳ፦ እሱም የገባው ይሄው ነው። ላንብብልህ። [ስልኩን አወጣ] "ጋሽ ማናሴ ያሉት ልክ ነው። በእኛ ገንዘብ አገር ቤት እንዲህ መርከሱን አላሰብኩትም ነበር። በክረምት የዱባይ ሙቀት አያስቀምጥም። በየዓመቱ ልጆቹን ቱርክ እንውሰዳቸው እያልን በዋጋው ከሀኒ ጋር ስንጣላ ነው የምንከርመው። እናንተ መምጣት ካቃታችሁ እኛ እንመጣለን። ናፍቆታችሁ አንጀቴን በላው። ክረምቱን በሙሉ አብረን እናሳልፋለን።"

ማናሴ፦ ክረምቱን በሙሉ።

ወዬሳ፦ "ሳምንቱን ሙሉ" ብለኸው ነበር። እሱ ጨመረበት። ደግ ልጅ ነው።

ማናሴ፦ አንተስ ዝም አልክ?

ወዬሳ፦ ለምን ዝም እላለሁ? እሱ ራሱ እኮ "ብዙ ሰው ስለሆንን አናስቸግራቸውም፣ ሆቴል እንይዛለን" ብሎ ነበር።

ማናሴ፦ [ትንፋሹ ተመለሰ] እሰይ። ሆቴል ይያዛ። በድርሃም ለሚከፍል ሰው የአዳማ ሆቴል ምን አላት።

ወዬሳ፦ እኔ ግን ትምህርትህን አልዘነጋሁም። "አናስቸግርም" ሲባል ምን ይባላል?

[ማናሴ መልሱን ያውቀዋል። ለአንድ ጊዜ እንኳ ባላውቀው ብሎ ተመኘ።]

ወዬሳ፦ የራሴን ሞት መጥራት ግን ከበደኝ። ዘርፉም አትወድም። "በማናሴ ሞት" አልኩት።

ማናሴ፦ በእኔ ሞት?

ወዬሳ፦ ቤቱ ያንተ ስለሆነ ሞቱም ያንተ ይሁን ብዬ ነው።

ማናሴ፦ አንተ ወንድሙ አይደለህም እንዴ? አንተስ ጋ ለምን አያርፉም?

ወዬሳ፦ እኔ ጋማ ሊያርፉ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ "ክረምት እንምጣ ወይ" እያለ ይጠይቀኛል። ዘርፉ ደግሞ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይሄን ሁሉ ሰው የት ላስተኛው እያለች እንቅልፍ አጥታ ከረመች። ጌታ ባንተ አፍ ፈታልን።

[ማናሴ ወዬሳን ትኩር ብሎ አየው። ፊቱ ላይ ተንኮል ፈለገ። ያገኘው ያንኑ የተለመደ፣ ነጭ ወረቀት የመሰለ ፊት ነው። ከወረቀቱ ጀርባ የተጻፈ ነገር ይኖር ይሆን የሚል ጥርጣሬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው።]

ማናሴ፦ ለሶፊ እነግራታለሁ። ይሰረዝ ትላለች።

ወዬሳ፦ ሶፊማ ሰምታ እልል ብላለች። ወንድሟ አይደል? ፍራሽ ገዝታለች። ሁለት በግ አሳዝዛለች።

ማናሴ፦ በምን ገንዘብ?

ወዬሳ፦ ለዱባይ ባስቀመጣችሁት። "ማናሴ ቤታችሁ ነው ካለማ ብሩ የእንግዶቹ ነው" አለች። በድምፅህ ነው የሰማችው።

ማናሴ፦ [ሶፋው ላይ ዘጭ አለ] እሺ፣ ወጪያቸውን ቢያንስ ራሳቸው ይችላሉ። ድርሃም አላቸው።

ወዬሳ፦ ዘመድ ቤት ገንዘብ ማውጣት ነውር ነው እኮ። ሀኒ አስባበት ነበር፤ "ጋሽ ማናሴ ይቀየማሉ" ብላ ተወችው። ቸኮሌት ትይዛለች። ኤባ ደግሞ ሶደሬም ላንጋኖም በመኪናህ ይዘኸን ትሄዳለህ ብሎ ልጆቹ ዋና ልብስ ገዝተዋል።

ማናሴ፦ የቤት ኅብረቱንስ ምን እላለሁ? ሰዉ ሁሉ ለጉዟችን ሲጸልይ ከረመ።

ወዬሳ፦ ጸሎቱማ ተሰማ። ከዚህ ቤተሰብ ሰው ዱባይ ይሄዳል።

ማናሴ፦ ማን?

ወዬሳ፦ እኛ።

ማናሴ፦ እናንተ እነማን?

ወዬሳ፦ እኔ፣ ዘርፉ፣ ልጆቹ።

ማናሴ፦ [ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ደረቀ] በምን አቅምህ? አንተ ምንዛሬ ምን እንደሆነ እንኳ አይገባህም።

ወዬሳ፦ እውነት ነው፣ አይገባኝም። የተደረገው እንዲህ ነው። ሀኒ ድመት አላት። ቤቱ ክረምቱን ባዶ ስለሚሆን ድመቷ የድመት ሆቴል ልትገባ ነበር። እዚያ ለድመት ሆቴል አለ። በሌሊት መቶ ድርሃም ነው።

ማናሴ፦ [ሳያስበው] አራት ሺህ ብር።

ወዬሳ፦ ለድመት። ኤባ ቁጭ ብሎ ሲያሰላው፣ ክረምቱን በሙሉ ድመቷን ሆቴል ከማሳደር አራት ሰው ከአዳማ ማስመጣት ረከሰለት። ቪዛውንም ትኬቱንም እሱ ቻለ። ቤቱን እንጠብቃለን፣ ድመቷን እናበላለን፣ በተረፈ ባሕሩ ከቤቱ ሩቅ አይደለም አለኝ።

ማናሴ፦ ስለዚህ የድመት አሽከር ሆነህ ነው የምትሄደው።

ወዬሳ፦ ኤዬ። አልጋው ግን የኤባ ነው።

ማናሴ፦ ውርደት ነው። እኔ ብሆን እሞታለሁ እንጂ አልሄድም።

ወዬሳ፦ ኤባም እንደዚያ ነው ያለው። "ጋሽ ማናሴን ኑና ጠብቁልን እንዳልላቸው ክብራቸውን ይነካል" አለኝ።

[በማናሴ አእምሮ ስሌቱ ይሄዳል፤ ማስቆም አልቻለም። ትኬት፣ ቪዛ፣ ማረፊያ፣ ባሕር፤ ሁሉም በነጻ። አንድ ድመት በትክክለኛው ገንዘብ ስለምትኖር ብቻ እሱና የሁለት ዓመት ኢኮኖሚክሱ ከእሷ በታች ውለዋል። ይሄን እውነት ልናገር ቢል ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ወዬሳ ብቻ ነው።]

ማናሴ፦ [ድምፁ ቀንሶ] እንግዶቹ ዘጠኝ፣ እኛ አምስት። ክፍሉ አራት ነው። አልበቃንም እኮ።

ወዬሳ፦ ሶፊ ደልድላዋለች። ሁሉም ሰው መኝታ አግኝቷል። አንድ ሰው ብቻ ነው የተረፈው።

ማናሴ፦ ማን ተረፈ?

ወዬሳ፦ የሀኒ እናት እንቅልፋቸው ቀላል ነው። አንተ ደግሞ ታንኮራፋለህ። ሶፊ ናት ያለችው፣ እኔ አይደለሁም።

ማናሴ፦ ከገዛ ቤቴ የት ልሂድ?

ወዬሳ፦ [ከኪሱ ቁልፍ አወጣ] የእኔ ቤት ባዶ ነው። ጠባብ ነው፤ ለአንድ ሰው ግን አይከፋም። ማታ ማታ እዚያ ታድራለህ፣ በዚያውም ቤቱን ትጠብቅልኛለህ።

ማናሴ፦ ዱባይ ነው ያልኩት እኮ ለሰዉ።

ወዬሳ፦ ከቤት ወጥተህ ማደርህ አይቀርም። በመሃል ሁለት ባጃጅ ይያዛል።

ማናሴ፦ አንተ ትቀልዳለህ?

ወዬሳ፦ እኔ ቀልድ የት አውቃለሁ? እያሰብኩ ነው። እኔ የኤባ ቤት እገባለሁ። ኤባ ያንተ ቤት ይገባል። አንተ የእኔ ቤት ትገባለህ። ምንዛሬ ምንዛሬ ስትለኝ የነበረው ይሄ ከሆነ፣ አሁን ገባኝ።

[ከጓዳ የሶፊ መዝሙር ይሰማል፤ ትራስ እያራገፈች ነው። ማናሴ መዝሙሩን ሰማ፤ እምቢ ብሎ ወንድሟን ከበር ቢመልስ በዚያ መዝሙር ፈንታ የሚመጣበትን አሰበ፤ እጁን ዘረጋ፤ ቁልፉን ተቀበለ። ዛሬ አንድ የማያውቀው ነገር ገጠመውና ጠየቀ።]

ማናሴ፦ ይሄ ቁልፍ ወደ የት ነው የሚዞረው?

ወዬሳ፦ ቀላል ነው። ቁጭ በል፤ ላንተ ቀስ ብዬ ላስረዳህ።